እንደ ደጀን ዳገት፦ የሸራ ጀልባ ውድድር እንዴት ይካሄዳል?

አጎቴ ከአዴት ወደ ባሕር ዳር በመጡ ቁጥር ጣና ዳር ሳይቀመጡ አይመለሱም። ባለፈው ጥርም ጤፋቸውን ወቅተው ጎተራ ካስገቡ በኋላ መጡ። ስንቀመጥ ወደ ስምንት ሰዓት ነበር። ጠዋት ጸጥ ብሎ የተኛው ውሃ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ቡናው እስኪፈላ ስልኬን አወጣሁና አንድ ፎቶ አሳየኋቸው። ዘጠኝ ባለ ሸራ ጀልባዎች ጎናቸውን አጋድመው ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ሲሮጡ የሚያሳይ ነው። አንዷ ጀልባ ላይ ሦስት ሰዎች ይታያሉ። ከሦስቱ አንዷ እኔ ነኝ።

ለሥራ ሁለት ዓመት ካምፓላ ተቀምጬ ነበር። እሁድ እሁድ እወዳደር ነበር። ሽልማት የሚባል ነገር የለውም፤ ቢበዛ አንድ ኩባያ ነው። የሚወዳደረውም ሰኞ ወደ መደበኛ ሥራው የሚመለስ ሰው ነው። የእኛን ጀልባ መሪ የምትይዘው ኡጋንዳዊት የሂሳብ መምህርት ነበረች። ሁለተኛው ጋራዥ ያለው ኬንያዊ ነው። ሦስተኛዋ እኔ፣ ገመድ ጎታች።

አጎቴ ፎቶውን አስጠግተው አዩት።

"ሞተር የለውም?"

"የለውም።"

"እሺ። ንፋሱ ከኋላ ሲገፋችሁ ትሄዳላችሁ። ስትመለሱስ? ማን ይጎትታችኋል?"

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የዚህ ስፖርት ቁልፉም እዚያው ላይ ነው። ይህን የተረዳ ሰው የቀረውን በቀላሉ ይከተለዋል። ስለዚህ ለአጎቴ እንደነገርኳቸው አድርጌ ልንገራችሁ።

ወደ ንፋሱ መውጣት

ፊት ለፊት ወደ ንፋሱ መሄድ አይቻልም። የትኛውም ባለ ሸራ ጀልባ አይችልም። በሰያፍ ግን ይቻላል። አብዛኞቹ የውድድር ጀልባዎች ንፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ 45 ዲግሪ ገደማ ዘወር ካሉ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ በሰያፍ ወደ ግራ፣ ከዚያ ታጥፎ በሰያፍ ወደ ቀኝ። እንዲህ እየታጠፉ ንፋሱ ወደሚመጣበት ይወጣሉ።

የዓባይን በረሃ የተሻገረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከድልድዩ ተነስቶ ወደ ደጀን የሚወጣ አይሱዙ ገደሉን ፊት ለፊት አይጋፈጠውም። መንገዱ ይጠመዘዛል። መኪናው አንዴ ፊቱን ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ያዞራል። አንዳንዴማ ወደ ደጀን የሚሄድ አይመስልም። ግን በየኩርባው ከፍ እያለ ነው። ለጀልባም ንፋሱ የሚመጣበት ቦታ ደጀን ነው በሉት። ንፋሱ የሚሄድበት ደግሞ ድልድዩ።

አንድ ልዩነት አለ። የደጀንን ኩርባ መሐንዲስ ቀይሶታል። ውሃ ላይ ግን ኩርባውን የምትቀይሱት እናንተ ናችሁ። መቼ እንደምትታጠፉ፣ በየት በኩል እንደምትወጡ ራሳችሁ ትወስናላችሁ። ሰው በአብዛኛው የሚሸነፈውም የሚያሸንፈውም እዚህ ውሳኔ ላይ ነው።

ዋጋም አለው። በ45 ዲግሪ እየታጠፈ የሚወጣ ጀልባ ቀጥታ 1 ኪሎ ሜትር ለሆነ ቦታ ወደ 1.4 ኪሎ ሜትር ይጓዛል።

ታዲያ ንፋሱ እየገፋው እንዴት ወደ ንፋሱ ይጠጋል? ሁለት ነገሮች አብረው ይሠራሉ። አንዱ ሸራው ነው። ሌላው ከጀልባዋ ሆድ ሥር ወደ ውሃው የሚወርድ ጠፍጣፋ ሳንቃ ነው።

ሸራ ንፋስ የሚሞላበት ጆንያ ይመስለናል። ንፋሱ ከኋላ ሲሆን እውነትም እንደዚያ ነው የሚሠራው። በሰያፍ ስትሄዱ ግን ሸራው ክንፍ ይሆናል። ልክ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ጎበጥ ይላል። ንፋሱ በሁለት ወገኑ ሲያልፍ ጉብጠቱን ተከትሎ ይታጠፋል። ንፋሱ ወደ አንድ ወገን ሲታጠፍ ሸራው ወደ ሌላው ይሳባል። በዚያ ላይ ጀልባዋ የምታገኘው ኃይል አብዛኛው ወደ ጎን ነው። ጥቂቱ ብቻ ወደ ፊት ነው። ሳንቃው ባይኖር ኖሮ ጀልባዋ እንደ ቅጠል ወደ ጎን ተንሸራታ ትሄድ ነበር።

ሳንቃው ወደ ጎን መንሸራተቱን ይከለክላል። ወደ ፊት መሄዱን ግን አይከለክልም፤ ስለቱ ወደ ፊት ነውና። ከሎሚ ውስጥ የወጣች እርጥብ ፍሬ በሁለት ጣቶቻችሁ ይዛችሁ ጨመቅ አድርጉ። ተፈናጥራ ትወጣለች። አንዱ ጣት ወደ ግራ ገፋ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ገፋ፣ ፍሬዋ ግን ወደ ፊት ሄደች። ንፋሱ አንደኛው ጣት ነው። ሳንቃውን የያዘው ውሃ ሁለተኛው ጣት ነው።

አጎቴ የሎሚውን ነገር ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ፣ "ማረሻ መሬቱን ከነከሰ በኋላ ወደ ጎን እንደማይወጣው ነዋ" አሉ። ከሎሚ ፍሬዋ የተሻለ ነው። በሬዎቹ ትንሽ ወደ ጎን ቢስቡም የነከሰው ማረሻ መስመሩን ይይዛል።

የእኛ ታንኳ ሳንቃ የለውም። ከደንገል ይታሰራል፣ ሆዱ ጠፍጣፋ ነው፣ ሰውየው በመቅዘፊያ ነው የሚያስኬደው። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ሲመጣ አይታችሁ ይሆናል። ንፋስ ሲነሳ የቀዛፊው ክንድ ነው የሚታገለው። ግን የጣና ደንገል ሸራ አያውቅም እንዳትሉ። ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1969 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር "ራ" የተባለችውን ጀልባ ያሠራው ከጣና በተቆረጠ ደንገል ነበር። የሠሯት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጀልባ ሠሪዎች ናቸው። ከሞሮኮ ተነስታ አትላንቲክን ለመሻገር ሞከረች፣ ብዙ ከሄደች በኋላ ፈረሰች። በ1970 ሁለተኛዋ "ራ" በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አስተውሉ፦ ራ ውቅያኖሱን ስትሻገር ንፋሱም የውሃው ጅረትም ከኋላዋ ነበሩ። ዞር በይና ወደ ሞሮኮ ተመለሺ ብትባል አትችልም ነበር። የአጎቴ ጥያቄ ለእሷ ቢሆን መልስ የለውም።

የምንሰማው ንፋስ ሌላ ነው

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ባሕር ዳር ብስክሌት ያልነዳ የለም። ንፋስ በሌለበት ቀን ብስክሌት ስትነዱ ፊታችሁን ንፋስ ይመታችኋል። ያ ንፋስ ከእናንተ ፍጥነት የመጣ ነው። ንፋስ ከኋላ ሲገፋችሁ ደግሞ ጸጥ ይላል፣ ያልባችኋልም። ጀልባ ላይም ያው ነው። ሸራው የሚያውቀው ሁለቱ ተደምረው የሚፈጥሩትን ንፋስ ነው።

ስለዚህ ንፋስን ከኋላ ይዞ መሄድ ፈጣኑ መንገድ አይደለም። ጀልባዋ በፈጠነች ቁጥር ሸራዋ ላይ የሚደርሰው ንፋስ ይቀንሳል። ንፋሱን በጎን ስትይዙት ግን ፍጥነታችሁ ራሱ ንፋስ ይጨምርላችኋል። ለዚህ ነው ወደ ንፋሱ ስትወጡ ብርድ፣ ጩኸትና የውሃ ርጭት የሚበዛው። ወደ ታች ስትመለሱ ደግሞ ጀልባዋ ቀጥ ትላለች፣ ፀሐዩ ይሰማችኋል፣ ሰው ማውራት ይጀምራል። ያን ጊዜ ነው ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ባለ ቀለም ሸራ የሚከፈተው። የጠፋውን ንፋስ በስፋት ለማካካስ ነው።

የውድድሩ ቀን

ውድድሩ የሚጀምረው ከሰዓት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በቀን መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል። መሬት ላይ ያለው አየር ሞቆ ሲወጣ ቦታውን ለመሙላት ከውሃው ላይ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። ካምፓላ ከቪክቶሪያ ሰሜን ስለሆነች ከሰዓት የሐይቁ ንፋስ የሚነፍሰው ከደቡብ ነው። ባሕር ዳር የጣና ደቡብ ጫፍ ላይ ናት። ስለዚህ የእኛ የከሰዓት ንፋስ ከሰሜን ይመጣል። ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው የሚወስዱ ጀልባዎች ጠዋት መውጣት የሚወዱት ለዚህ ነው። (ደስ ያለኝን ነገር ልንገራችሁ፦ በሉጋንዳም ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛ ነው። ስምንት ሰዓት ሲሉኝ ስምንት ሰዓት ነው።)

መንገዱን ዳኞቹ ይዘረጉታል። አንድ ትልቅ ተንሳፋፊ ምልክት ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ይተክላሉ። ሌላውን ከንፋሱ በታች። ከታች ተነስታችሁ ላይኛውን ዞራችሁ ትመለሳላችሁ። ሁለት ወይም ሦስት ዙር። በቃ።

አነሳሱ ግን ልብ ያቆማል። የሯጭ መነሻ መስመር ላይ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ጀልባ ፍሬን የላትም። መስመሩ በዳኞቹ ጀልባና በአንድ ተንሳፋፊ ምልክት መካከል ያለ የሐሳብ መስመር ነው። አምስት ደቂቃ ሲቀር ባንዲራ ይሰቀላል፣ ጥሩምባ ይነፋል። አራት ደቂቃ ሲቀር ሁለተኛ ባንዲራ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ መሀሉ ነጭ ነው። አንድ ደቂቃ ሲቀር ሁለተኛው ይወርዳል፣ ረጅም ድምፅ ይሰማል። ዜሮ ላይ የመጀመሪያው ይወርዳል። በዚያች ሰኮንድ በሙሉ ፍጥነት መስመሩ ላይ መገኘት አለባችሁ። ቀድማችሁ ካለፋችሁ ተመልሳችሁ እንደገና መነሳት ነው። ከዘገያችሁ ደግሞ ከፊታችሁ ያሉት ሸራዎች ንፋሱን ያበላሹባችኋል። ጀልባ ከኋላዋ የተረበሸ ንፋስ ትታ ነው የምትሄደው። በዚያ ውስጥ የገባ ይዳከማል።

ዘጠኝ ጀልባዎች፣ አንድ ጠባብ መስመር፣ ሁሉም ይጮኻል። የእኔ ሥራ ሰኮንድ መቁጠር ነበር። ሃያ፣ አስራ አምስት፣ አስር። የመጀመሪያ ቀን ድምፄ ተንቀጠቀጠ። መምህርቷ ሳትዞር፣ "ቀስ ብለሽ፣ ግን ሳታቋርጪ" አለችኝ።

ከሦስት ሰው በላይ የማይዝ ጀልባ ላይ ሁሉም ሰው ሥራ አለው። አንዱ መሪ ይይዛል። አንዱ ዋናውን ሸራ ያጠብቃል፣ ያላላል። አንዱ የፊት ሸራውን ይዞ ዙሪያውን ያያል። ሦስቱም ሰውነታቸውን ሚዛን ያደርጉታል። ሽውታ መጥቶ ጀልባዋ ስትጋደል ሁላችንም ከፍ ባለው ጠርዝ ላይ ወጥተን ጀርባችንን ወደ ውጭ እንለጥጣለን። የሆድ ጡንቻ የሚባል ነገር እንዳለኝ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ንግግሩ ነበር። መምህርቷ አንድ ደንብ ነበራት። "ያየሽውን ንገሪኝ። የመሰለሽን በኋላ" ትለኛለች። "የምንሸነፍ ይመስለኛል" አይጠቅማትም። "ከቀኝ በኩል ሽውታ፣ በአስር ሰኮንድ ይደርሳል" ይጠቅማታል። እሷ ዓይኗን ከፊት ሸራው ማንሳት አትችልም። የእኛ ዓይን የእሷ ዓይን ነው።

ሽውታ እንዴት ይታያል? ውሃው ይጠቁራል። ንፋስ ሲነካው የውሃው ፊት በትናንሽ ሞገድ ይሸበሸባል፣ ብርሃኑን በሌላ አቅጣጫ ይመልሳል፣ ከሩቅ ጥቁር ጥላ ይመስላል። ጥላው ወዴት እንደሚሄድ ካያችሁ ንፋሱ መቼ እንደሚደርስ ታውቃላችሁ። ይህን ስነግራቸው አጎቴ አልገረማቸውም። ላይዳ ይዞ አውድማ ላይ የቆመ ሰው ንፋስን ከመድረሱ በፊት ያያል። የባሕር ዛፉ ጫፍ ሲነቃነቅ ያነሳል፣ ሲቆም ያሳርፋል። ገለባው ወደ ፍሬው እንዳይመለስ የንፋሱ አቅጣጫ ሲዞር እሱም ቦታ ይቀይራል።

የንፋስ አቅጣጫ መዞር፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። ጣና ላይ አድርገን እናስበው። ባሕር ዳር ነን፣ ንፋሱ ከሰሜን ከጎርጎራ በኩል ይመጣል፣ ላይኛው ምልክትም በዚያው ነው። ሁለት ምርጫ አለን። በሰያፍ ወደ ዘጌ፣ ወይም በሰያፍ ወደ ፎገራ። አሁን ንፋሱ በ10 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ዞረ እንበል። ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ አፍንጫውን በ10 ዲግሪ ወደ ሰሜን ማቅናት ይችላል። ሳይለፋ ወደ ምልክቱ ቀረበ። ወደ ፎገራ የሚሄደው ግን በ10 ዲግሪ ከምልክቱ እንዲርቅ ይገደዳል። ይህ ሰው ወዲያው መታጠፍ አለበት። ካልታጠፈ የደጀንን ዳገት ትቶ ገደሉን በአግድም እየዞረ ነው።

ንፋስ ደግሞ አንድ ጊዜ ዞሮ አይቀርም። ብዙ ጊዜ ይወዛወዛል፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ምዕራብ፣ እንደገና ወደ ምሥራቅ። ጎበዝ ባለ መሪ ውዝዋዜውን ትቆጥራለች። ከመነሳታችን በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል እዚያው እየዞርን ኮምፓስ እናነብ ነበር። ተመልካች ቢኖር ሥራ የፈታን ይመስለው ነበር። የውድድሩን ግማሽ የምንሠራው ያኔ ነው።

ማን ለማን ያሳልፋል?

ዘጠኝ ጀልባ በሰያፍ ሲመላለስ መተላለፊያው መሀል ላይ ይገናኛል። ሕጉ ግልጽ ነው። ንፋሱን በቀኝ ጎኗ የምትቀበል ጀልባ መብት አላት። በግራ ጎኗ የምትቀበለው ታሳልፋለች። በጣናው ምሳሌያችን ወደ ዘጌ የሚሄደው መብት አለው፣ ወደ ፎገራ የሚሄደው ይለቃል። ባለ መብቱ "ስታርቦርድ!" (ቀኝ ጎን ማለት ነው) ብሎ ይጮኻል። ሁለት ጀልባዎች በአንድ ወገን ጎን ለጎን ከሆኑ ደግሞ ንፋሱ ቀድሞ የሚደርሰው ጀልባ ይጠነቀቃል። ከኋላ የሚመጣ ከፊት ያለውን አይነካም። ምልክቱ ጋ ስትደርሱ፣ በሦስት የጀልባ ርዝመት ውስጥ ሲገባ፣ ወደ ምልክቱ በውስጥ በኩል ላለው መዞሪያ ቦታ ይሰጠዋል። ዝርዝሩ ብዙ ነው። ሕጉን የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የስፖርቱ ድርጅት በየአራት ዓመቱ ያሻሽለዋል።

የገረመኝ ቅጣቱ ነው። እንዲህ ባለ የእሁድ ውድድር ላይ ፊሽካ የያዘ ዳኛ ከኋላችሁ አይከተልም። ሌላውን ጀልባ አላሳልፍ ያለ ሰው ራሱን ይቀጣል፤ እዚያው ውሃው ላይ ሁለት ጊዜ ሙሉ ዙር ይዞራል። ምልክቱን የነካ አንድ ዙር። ካልተስማማችሁ "ፕሮቴስት!" (አቤቱታ አለኝ) ብላችሁ ትጮኻላችሁ፣ በትልልቅ ጀልባዎች ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ማታ ተቀምጦ ምስክር ይሰማል። ግን መጀመሪያ የሚጠበቀው ራስን መቅጣት ነው።

አንድ እሁድ ሦስተኛ ሆነን ላይኛውን ምልክት ስንዞር የጀልባችን ጎን ነካው። ትንሽ ነገር ነው፣ ሸተት። ማንም አላየም። የቅርቡ ጀልባ ሩቅ ነበር። መምህርቷ ምንም አላለችም። መሪውን አዞረችና ሙሉ ዙር ዞርን። እስክንጨርስ ሁለት ጀልባ አለፈን። ከዚያ እኔ ተደናግጬ የትልቁን ሸራ ገመድ ያለጊዜው ለቀቅኩት። ሸራው ውሃ ውስጥ ገባና እንደ መረብ ያዘን። ሌላ አንድ ጀልባ አለፈን። ስድስተኛ ሆነን ጨረስን። ስለ ገመዱ አስረዱኝ፤ መጀመሪያ ይህን፣ ከዚያ ያን። ስለ ዙሩ ግን ማንም አንድ ቃል አላነሳም። መነሳት ያለበት ነገርም አልነበረም።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ቡናቸውን አስቀመጡ። "የወሰን ድንጋይ ነው" አሉ። "የነካ ይመልሳል።"

ነጥቡ አጭር ነው። አንደኛ የወጣ 1 ነጥብ ያገኛል፣ ሁለተኛ 2፣ እያለ ይቀጥላል። በውድድር ወቅቱ መጨረሻ ትንሽ ነጥብ ያለው ያሸንፋል። የጀልባዎቹ ዓይነት ሲለያይ ደግሞ ቀድሞ የገባው ላያሸንፍ ይችላል። ለእያንዳንዱ የጀልባ ዓይነት ቁጥር ይሰጣል፤ ለዘገምተኛው ትልቅ፣ ለፈጣኑ ትንሽ። የወሰደባችሁ ጊዜ በ1,000 ተባዝቶ በቁጥራችሁ ይካፈላል። ቁጥሯ 1,000 የሆነ ጀልባ በ62 ደቂቃ ብትገባ 62 ነው። ቁጥሯ 1,100 የሆነች በ66 ደቂቃ ብትገባ 60 ይሆንላታል። አራት ደቂቃ ዘግይታ አሸነፈች። ለዚህ ነው አሮጌ ጀልባ ይዞ የሚመጣ ሰው ሳያፍር የሚወዳደረው።

ጣና ላይ ቢሆንስ?

ይህን የጻፍኩት ስለሚያስቆጨኝም ነው። ጣና ርዝመቱ ወደ 84 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ ወደ 66 ኪሎ ሜትር ነው። የከሰዓት ንፋሱ የታወቀ ነው። ሸራ ግን እምብዛም አይታይበትም።

ሁለት ነገሮች ጣናን ከሌላው ውሃ ይለዩታል። የመጀመሪያው ከፍታው ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ላይ ነው ያለው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይሳሳል። በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚነፍስ ንፋስ እዚህ ሸራውን የሚገፋው በዚያው ልክ ባነሰ ኃይል ነው። ሰፋ ያለ ሸራ ይፈልጋል ማለት ነው። ሁለተኛው ጥልቀቱ ነው። ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይመጣል። ትንሽ ጀልባን ያቆማታል። ሳንቃውም ዳር ዳር ላይ መሬት ይነካል፤ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ላይ የሚሳብ መሆን አለበት።

ለመሞከር የሚያስብ ሰው ካለ ጥንቃቄውን ልንገር። ላይፍ ጃኬት ሳይለብሱ አይወጣም፤ ዋና የሚችልም ቢሆን። ትናንሽ የውድድር ጀልባዎች ይገለበጣሉ፣ መገለበጥ የጨዋታው አካል ነው፣ ቀጥ ማድረግንም ገና ከዳር ሳይርቁ መለማመድ ይገባል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለና ከዚያ መራቅ ነው። የዓሣ አጥማጆችን መረብ ማክበር ነው። እምቦጭ ባለበት ደግሞ ሳንቃው ይታሰራል። አንድ ሞተር ጀልባ ሁልጊዜ በቅርብ መኖር አለበት። ቪክቶሪያ ላይ ያለሱ ውድድር አይጀመርም ነበር።

አጎቴ ግን ማየት ፈለጉ። ከእሳቸው ጋር የመጣው የልጅ ልጃቸው አሥር ዓመቱ ነው። ከካርቶን ውስጥ የወጣ ፎም አገኘን፣ ሁለት ትንንሽ ጀልባ ቆረጥን። ስንጥር ተከልን፣ ከፌስታል ሸራ ሠራን። በአንደኛዋ ሆድ ሥር ከቆርቆሮ የተቆረጠ ሳንቃ ሰካን። ሌላዋን ባዶ ተውናት። ሁለቱንም አፍንጫቸውን ወደ ጎን፣ ከዳሩ ጋር ትይዩ አድርገን ለቀቅናቸው። ንፋሱ ከሐይቁ ወደ እኛ ይነፍስ ነበር።

ባዶዋ ወዲያው ወደ ጎን ተንሸራታ መጥታ እግራችን ሥር ተጣበቀች። ልጁ ሦስት ጊዜ መለሳት፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። ባለ ቆርቆሮዋ ትንሽ ተጋደለች፣ ሸራዋ ሞላ፣ ከዳሩ ጋር እኩል ሆና ወደ ፊት መሄድ ጀመረች። ታንኳዎቹ የታሰሩበት ድረስ አልቆመችም። አጎቴ እንዳትጠፋ ብለው ተከተሏት፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው።